ግልጽ ደብዳቤ፦ የሐይቁን ውሃ መርምሩልን፣ ውጤቱንም ልብስ የምናወልቅበት ቦታ ላይ ለጥፉልን

ይድረስ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር፣ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽ/ቤት፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ለምንሰበሰበው ሁላችን

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ እዚሁ ሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሳላስረዝም ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሰው በሚዋኝባቸው የሐይቁ ዳርቻዎች ውሃው በየሳምንቱ ይመርመር፣ ውጤቱ እዛው ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት ቦታ በትልቅ ሰሌዳ ይጻፍ፣ ከሰሌዳው አጠገብ ደግሞ ዋና የሚችልና ሰው ማዳን የሰለጠነ ሰው ይቁም። ጥያቄዬ ይሄው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ነው፣ ረዘም ቢል እንደምታነቡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሐዋሳን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ትንሽ ላስረዳ። ሐይቃችን ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቅ ቦታው ከ20 ሜትር ያልፋል፣ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ጣና ለምሳሌ አባይ አለው፣ የገባበት የሚወጣበት በር አለው፣ የኛው ግን ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ አብሮት የመጣው ቆሻሻ አብዛኛው እዛው ይቀራል። እንግዲህ ከተማው እየሰፋ ሄዷል፣ ከተማው የጣለው ደሞ ዞሮ ዞሮ ማረፊያው ሐይቁ ነው።

ማን ነው የሚዋኘው ካላችሁ ሁሉም ነው። ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ድንጋይ ላይ ቆልለው ይገባሉ፣ ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች እግረ መንገዳቸውን ይታጠባሉ፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው፣ አሳ አጥማጆቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ ለዊክኤንድ የመጣው ደግሞ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጋ ቡናውን ጠጥቶ ሲሞቀው ሸሚዙን አውልቆ ዘው ይላል። አሞራ ገደል የአሳ ገበያው አካባቢ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ አንጀት እየተሻሙ ከነሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ልጆች ከጀልባ ጫፍ ይዘላሉ። ሰሞኑን ቆሜ ያየሁት አንድ ቦታ አለ፣ ከመንገዱ የሚመጣ የጎርፍ ቦይ ሐይቁ ውስጥ የሚያልቅበት፣ አፉ ላይ የተጠራቀመ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ ከስሩ የሚንጠባጠብ ግራጫ ውሃ፣ ሽታው ሰው ያስመልሳል፣ ከዛ በእርምጃ በሚቆጠር ርቀት ላይ ደግሞ ገና የመጀመሪያ ክፍል የሚመስሉ ልጆች ውሃ ይረጫጫሉ፣ አፋቸው ይገባል፣ ይተፋሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። እዛ ቦታ አንድም ምልክት የለም። እዚህ አትግቡ የሚል የለም፣ እዛ ጋ ይሻላል የሚልም የለም።

ሰውን ውሃው ንጹህ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት አይቶ ነው የሚመልስላችሁ። ጠርቷል፣ ንጹህ ነው። ደፍርሷል፣ ቆሻሻ ነው። ግን አይን እዚህ ላይ አይሰራም። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፣ ግን ሰው ከድሮም ጀምሮ ለዋና የሚመርጠው እሱን ነው፣ ቢልሃርዝያ የሚባለው ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ የለበትም እየተባለ። በተቃራኒው ደግሞ ከታች ያለው ጠጠር የሚታይበት ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ በሽታ አምጪው ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ በአይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም የለውም።

ቢልሃርዝያን ካነሳሁ አይቀር እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪዎቼ የሩቅ ሀገር ታሪክ ነው የሚመስላቸው፣ ደብተራቸው ላይ ቀንድ አውጣውን ስለው ለፈተና ይሸመድዱትና ከሰዓት ሄደው እዛው ቀንድ አውጣው ያለበት ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ውሃው ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ውስጡ ይገባል፣ እዛ ከአንድ ወር በላይ ይባዛና ከዛ ቀንድ አውጣው ፀሐይ ሲወጣ በሺህ የሚቆጠሩ እጮችን ይለቃል። እጮቹ የሚበዙት ከረፋዱ እስከ ከሰዓት መጀመሪያ ባለው የፀሐይ ሰዓት ነው፣ ልክ እኛ ለመዋኘት በምንመርጠው ሰዓት ማለት ነው። ውሃ መዋጥ አያስፈልግም፣ ቁስል መኖር አያስፈልግም፣ በደህና ቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ይገባሉ። ቀንድ አውጣው ደግሞ መሀል ሐይቅ ላይ አይደለም የሚኖረው፣ ዳር ዳሩን ነው፣ ቄጠማውና ሳሩ ያለበት፣ ውሃው የተኛበት፣ ሕጻናት ጥልቅ አይደለም ተብለው የሚለቀቁበት ቦታ። ከቄጠማው የራቀ ይሻላል እንጂ ዋስትና አይደለም፣ ቶሎ በፎጣ መድረቅም አያስተማምንም።

እዚህ ሐይቅ ላይ በሽታው መኖሩ ደግሞ የኔ ግምት አይደለም፣ በአሳ አጥማጆቻችን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል፣ ታትሟል። እውቀቱ ከሳይንስ ሰው ዘንድ አለ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሰው ዘንድ ግን የለም፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

የእህቴ ልጅ በዚሁ ታሞብን ነበር። ሆዱን ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዴ ደም ይቀላቀላል፣ ይደክመዋል፣ ኳስ መጫወት ተወ። እህቴ ይዛው ሄደች፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድሃኒት ወሰደ፣ ትንሽ ቆይቶ መለሰበት፣ ደግማ ሄደች፣ አሜባ ነው ተባለ፣ እንደገና መድሃኒት። በዚህ መሀል ሐይቅ ትዋኛለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ሰገራው በደንብ ሲታይ የቢልሃርዝያ እንቁላል ተገኘበት፣ ፕራዚኳንቴል ተሰጠው፣ ዳነ። በዛው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ተመልሶ ሐይቅ ገብቷል፣ ምክንያቱም መድሃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ አዲስ እንዳይገባ አይከለክልም፣ ይሄንን ደግሞ የነገረው ሰው የለም። ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ ሐኪሞቻችሁ ያውቁታል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም ያስመልሳል። እንደዛ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ውሃ ዳር ያደገ ጎልማሳ ነው።

እዚህ ጋ ጤና ቢሮውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ትምህርት ቤት እየመጣችሁ ለልጆች የምታድሉት መድሃኒት ጥሩ ስራ ነው፣ በአይኔ አይቻለሁ፣ ተማሪዎቼ ወስደዋል። ግን ትምህርት ቤት የማይሄደው ጀልባ ላይ የሚውለው ወጣትስ? አሳ አጥማጁስ? ልብስ አጣቢዋስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታው በብዛት ባለበት አካባቢ ከ2 ዓመት ሕጻን ጀምሮ አዋቂውም እንዲካተት መክሯል። አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ጀልባ ሲመለስ ጠብቃችሁ ብታድሉ ሁሉንም እዛው ታገኙአቸዋላችሁ፣ ቤት ለቤት መዞር እንኳ አያስፈልግም።

ለነገሩ በዚህ በሽታ ላይ ለዓለም ያስተማረች ሀገር ናት የኛ ሀገር። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ሲያዩ ከሚታጠብበት ቦታ ወደ ታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙት፣ ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከዛ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የምርምር ኢንስቲትዩት በስማቸው ነው የሚጠራው። ይሄን የማነሳው ነገ ሄደን እንዶድ ሐይቁ ውስጥ እንድፋ ለማለት አይደለም፣ እንዶድ አሳም ይጎዳል፣ ቆሮሶውና አምባዛው ካለቀ የስንት ሰው እንጀራ ነው የሚቋረጠው። የማነሳው እሳቸው ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር ውሃው ዳር ቆሞ ማየት ስለነበረ ነው። እኛም ሐይቃችን ዳር ቆሞ የሚያይ፣ ቀንድ አውጣው የት የት እንዳለ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ባለሙያ ነው ያጣነው። ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለን፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሁፍ ርዕስ ሲፈልጉ ይንከራተታሉ፣ ስራው አለ ሰራተኛውም አለ፣ የሚያገናኝ ነው የጠፋው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሂድ፣ ሰገራ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን በስሙ ካልጠራነው አንፈታውም። ሰው ስለ ሐይቁ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ፋብሪካ ነው። የፋብሪካ ነገር ቁጥጥር ያስፈልገዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሰራም የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ውጪ ምንም ፍሳሽ እንዳይለቅ ተብሎ ነው፣ እሱን የሚመለከተው አካል በየጊዜው እየለካ ለህዝብ ይንገረን። ግን ዛሬ የዋኘን ሰው ነገ ሆዱን የሚያሳምመው በአብዛኛው የሰው ሰገራ ነው። ከተማችን አብዛኛው ቤት የራሱ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው፣ ሲሞላ ይፈሳል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ዝናብ ጠብቆ ወደ ጎርፍ ቦዩ ይለቀዋል፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቦታ ሞልቶ ሰው የሚጸዳዳበት ቦታ ጥቂት ነው። አሳ አጥማጁ ሌሊት ወጥቶ እስከ ረፋድ ጀልባ ላይ ነው፣ የት ይሂድ? ሽንት ቤት ሐይቁ ዳር ቢሰራ፣ ነጻ ቢሆን፣ ውሃ ቢኖረው፣ ማታም ክፍት ቢሆን፣ ተቅማጡም ቢልሃርዝያውም ከአንድ ቦታ ነው የሚቀንሰው፣ ምክንያቱም ሁለቱም መነሻቸው አንድ ነው። ከአስፋልትና ከመብራት ዲዛይኑ በፊት ይሄ ቢቀድም ደስ ይለኛል።

ዝናብ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በልግ ሲገባ የመጀመሪያው ጎርፍ በጋውን ሙሉ መንገድ ላይና ቦይ ውስጥ የተጠራቀመውን ጠራርጎ ነው የሚያመጣው። ሌላ ሀገር የባህር ዳርቻ ላይ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ 2 እና 3 ቀን አትዋኙ ይባላል፣ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 3 ቀን ነው የሚሉት። እኛ ጋ ዝናብ ሲያባራ ነው ልጆቹ ተጯጩኸው የሚገቡት፣ ውሃው ሞቅ ይላል ብለው። የሐምሌ 19 ገብርኤል ደግሞ ክረምቱ መሀል ላይ ነው፣ ከየሀገሩ ህዝብ ይመጣል፣ ከበዓሉ በኋላ ሐይቁን ሳያይ የሚመለስ የለም፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ውሃውም በጣም በሚቆሽሽበት ሰሞን ማለት ነው። ይሄን እንግዳው አያውቅም፣ እኛ ነን ማወቅ ያለብን።

አሁን ምርመራው ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከባድ ነው ሚሉኝ ሰዎች አሉ። ከባድ አይደለም። ንጹህ የተደረገ ጠርሙስ ይያዛል፣ ሰው በሚዋኝበት ቦታ ወገብ ድረስ ተገብቶ ከላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥ ዝቅ ተደርጎ ይቀዳል፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ተደርጎ በሰዓታት ውስጥ ላብራቶሪ ይደርሳል፣ እዛ በሙቀት መጠበቂያ ያድራል፣ በማግስቱ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ስንት እንዳለ ይቆጠራል። ኢ. ኮላይ ራሱ ሁልጊዜ በሽታ ስለሚያመጣ አይደለም የሚቆጠረው፣ እሱ ካለ ሰገራ አለ ማለት ነው፣ ሰገራ ካለ ደግሞ ታይፎይዱም ጃርዲያውም ሊኖር ይችላል። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ ለሐይቅና ለወንዝ ዋና በ100 ሚሊ ሊትር 500 ድረስ እጅግ ጥሩ፣ 1000 ድረስ ጥሩ ይለዋል። አሜሪካኖቹ ይጠነቀቃሉ፣ አማካዩ ከ126 እንዳይበልጥ ይላሉ። የኛው ምን ይሁን የሚለውን ባለሙያ ይወስን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ለመዋኛ ውሃ መመሪያ አውጥቷል፣ ከባዶ አንነሳም። ውጤቱ የሚደርሰው በማግስቱ ስለሆነ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የትናንት ውሃ ነው፣ ለዛ ነው ከምርመራው ጋር ከዝናብ በኋላ 3 ቀን አትዋኙ የሚለውም አብሮ መለጠፍ ያለበት።

ሰሌዳው ላይ ቁጥር ብቻ አትጻፉ እባካችሁ። ቁጥር ለኔ ይገባኛል፣ ለአብዛኛው ሰው ግን አይገባም። ቀለም ይሁን። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል ስዕል ይኑረው፣ ቀኑም ይኑርበት፣ የዛሬ ስንት ወር የተለጠፈ ወረቀት ፀሐይ በልቶት ቆሞ እንዳይቀር። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ እዛ ባህር ዳር ባንዲራ ይሰቀላል፣ አንዱ ቀለም ይዋኛል፣ ሌላው አደገኛ ነው፣ ሌላው መግባት ክልክል ነው ማለት ነው፣ ሕጻን ልጅ ሳይቀር ባንዲራውን አይቶ ነው የሚገባው። ዋና ጠባቂ በሌለበት ቦታ ደግሞ መዋኘት ክልክል ነው የሚል ታርጋ ቆሟል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ምሰሶና ጨርቅ ነው።

ቢጫና ቀይ ሲሆን ሰው ይሸሻል፣ ቱሪስት ይቀንሳል፣ ሆቴሎች ይከስራሉ የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፣ ፊት ለፊት የነገረኝም ሰው አለ። እኔ የምለው የሚሸሸው ታሞ የተመለሰው ሰው ነው። ቤቱ ሄዶ ሲያመው ሐዋሳ ሄጄ ነው ብሎ ለስንቱ ይናገራል፣ ያንን ማን ያርመዋል? ሰሌዳ ያለበት ከተማ ግን ዛሬ ይሄ ጋ ቀይ ነው፣ ወዲያ ጋ ግን አረንጓዴ ነው ማለት ይችላል፣ ሰው ቦታ ይቀይራል እንጂ ከተማ አይቀይርም። ደግሞም እዛው ዳር ሆነው አሳ የሚጠብሱልን እናቶች ልጆቻቸው ናቸው ውሃው ውስጥ የሚውሉት፣ ገበያቸው እንዳይጎዳ ብሎ ልጆቻቸውን ማሳመም ምን የሚሉት ነው።

የመስጠም ነገር። ይሄን ስጽፍ ይከብደኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ሲሰጥም ነበርኩ፣ ማንነቱን አልጽፍም፣ ለቤተሰቡ ይከብዳል። ድምጽ አልነበረም። ሰው ሲሰጥም የሚጮህ፣ እጁን የሚያወናጭፍ ነው የሚመስለን፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደዛ አይደለም፣ አፉ ከውሃው በላይና በታች ይሆናል፣ ለመጮህ ትንፋሽ የለውም፣ ከጎኑ ያሉ ጓደኞቹ የሚጫወት መስሏቸዋል። ሲያወጡት ደግሞ ያየሁት እስካሁን አይለቀኝም፣ እግሩን ይዘው ዘቀዘቁት፣ አንዱ ሆዱን ይጫነዋል ውሃው እንዲወጣ ብሎ፣ ሌላው ፊቱን በጥፊ ይመታዋል፣ ሁሉም ሊረዳው ነው የፈለገው፣ አንድ ሰው ግን አፉ ላይ የተነፈሰለት የለም። የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ነው። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ መጀመሪያ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዛ ደረቱን 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30፣ እርዳታ እስኪደርስ አለማቆም። ሆድ መጫንና መዘቅዘቅ ጊዜ ይበላል፣ የሚያስመልሰው ወደ ሳንባው እንዲገባም ያደርጋል። ይሄን በአንድ ከሰዓት ማስተማር ይቻላል፣ ጀልባ ነጂዎቹን፣ አሳ ጠባሾቹን፣ ፎቶ አንሺዎቹን፣ እዛው የሚውለውን ሁሉ።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 300 ሺህ ገደማ ሰው ሰጥሞ እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፣ ከ10ሩ 9 በላይ የሚሆነው እንደኛ ባሉ ሀገሮች ነው። ብዙዎቹ ሞቶች ዋና ሲዝናኑ ብቻ የሚመጡ አይደሉም፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ሲታጠብ፣ ከብት ሲያጠጣ ነው። የሚጠብቅ ሰው መመደብ በጀት ይጠይቃል ካላችሁ፣ ከተማው ውስጥ ስራ ፈልጎ የሚዞር ዋና የሚችል ወጣት እጥረት የለም፣ ብዙዎቹ አሁንም በራሳቸው ፈቃድ ሰው ያወጣሉ፣ ማንም አልከፈላቸውም። አሰልጥኗቸው፣ ደረት ላይ የሚታይ ልብስ ስጧቸው፣ ፊሽካ ስጧቸው፣ ደሞዝ ስጧቸው። እስከዛው ድረስ ደግሞ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በረጅም ገመድ ታስሮ በየዳርቻው ምሰሶ ላይ ይንጠልጠል። ባዶ ጀሪካን ትልቅ ሰው ይዞ ይንሳፈፋል፣ ዋና የማይችል ሰው ራሱ ሳይገባ ወርውሮ ሰው ማትረፍ ይችላል። አንዱን ሊያወጣ ገብቶ ሌላው አብሮ የቀረበትን ታሪክ ስንት ሰምተናል።

ጀልባ ላይም አንድ ነገር ይደረግ። የሽርሽር ጀልባዎቹ ሞተራቸውን እንዳስነሱ በዋናተኞች መሀል ነው የሚያልፉት፣ ሕጻናት ከጎናቸው ውሃ ውስጥ ሆነው ማዕበሉ ሲመጣ ይደሰታሉ፣ ሞተሩ ግን ስለት ነው። የዋና ቦታው በተንሳፋፊ ገመድ ይከለል፣ ጀልባ ከዛ ውጪ ይቁም። ተሳፋሪ ሁሉ ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ መቀመጫ ስር ተቀምጦ ለፎቶ ብቻ የሚወጣ ሳይሆን። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሐይቁ እንደ ጠዋቱ አይደለም፣ ይሄን ጀልባ ነጂዎቹ ከማንም በላይ ያውቁታል። ጉማሬዎቹ ሲመሽና ሲነጋ ወደ ዳር እንደሚጠጉም ለእንግዳ ይነገር፣ ሰው ለፎቶ እየተጠጋ ነው። ቢራ ጠጥቶ መዋኘት ላይ ብዙ አልልም፣ ግን ጠባቂ ካለ የሰከረን ሰው አትገባም ማለት ይችላል፣ አሁን ማን ይላል?

የፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ ጥምቀት፣ ገብርኤል፣ እነዚህ ቀኖች አስቀድመው የታወቁ ናቸው። ለመኪና ማቆሚያና ለጸጥታ በእቅድ ይሰራል፣ ለውሃውም በእቅድ ይሰራ፣ በነዚህ ቀኖች ጠባቂው እጥፍ ይሁን፣ አምቡላንስ አንድ እዛው ዳር ይቁም።

ከሐይቁ ማዶ ያለው ዳርቻ ኦሮሚያ ክልል ነው፣ ውሃው ግን ድንበር አያውቅም፣ ስለዚህ የተፋሰስ ጽ/ቤቱ ሁለቱንም ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ምርመራው በሁለቱም በኩል በአንድ አይነት መንገድ ቢሰራ ነው ትርጉም የሚኖረው። እዚህ ለክተን እዛ ካልተለካ ግማሹን ነው ያወቅነው።

ለኛ ለዋኞቹም ጥቂት ልበል፣ ደብዳቤው ለእናንተም ነው ብያለሁና። ከቦይ አፍ አጠገብ አትግቡ። ቄጠማ ውስጥ አትቁሙ። ዝናብ ከዘነበ 3 ቀን ቆዩ። ውሃውን አትዋጡ፣ ልጆቻችሁንም አስተምሯቸው። የሕጻን ዳይፐር እዛው አትጣሉ፣ አይቼ ነው የምናገረው። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ነገር ካያችሁ ያን ቀን ተዉት፣ ራሱ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ሐይቅ የምትዋኙ ከሆነና ሆዳችሁን ካመማችሁ ለሐኪሙ እናንተው ንገሩት፣ ሐይቅ እዋኛለሁ ቢልሃርዝያ እይልኝ በሉት፣ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ ደሞ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶ እሱን ብቻ ይይ፣ ሁላችንም እያየን ነው ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት ነው።

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች በየሳምንቱ ናሙና በመቅዳት፣ ቀንድ አውጣ ያለበትን ቦታ በጓንትና በቦት ጫማ ሆነው ከባለሙያ ጋር በመመዝገብ፣ ሰሌዳውን በመቀባት ለመርዳት ዝግጁ ናቸው፣ ወላጆችንም አስፈቅደናል። እኛ ላብራቶሪ የለንም፣ ስልጣንም የለንም፣ ጠርሙሱን የሚቀበለን ቦታ ነው የምንፈልገው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ መልስ ይሄ ነው፣ ከሦስታችሁ ማን ነው ለዋና ውሃ ጥራት ኃላፊነቱን የሚወስደው? አንዱ ጽ/ቤት ስሙንና ስልኩን ለህዝብ ያሳውቅ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል ላይ ሁለት ሰሌዳ፣ ሁለት ጀሪካን ከነገመዱ፣ ፊሽካ የያዘ አንድ አንድ ሰው ቢቆም፣ ሽንት ቤቱና ሌላው በሚቀጥለው በጀት ይምጣ። ለሐምሌው ገብርኤል እንዲደርስ ግን ስራው አሁን መጀመር አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሐዋሳ ነዋሪና የባዮሎጂ መምህር